ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላስ? ስለ ራን ፍላት ጎማ ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው ከሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። የሚያወራው ስለ ራን ፍላት ነው፤ ነፋሱ አልቆ እንኳ መኪናውን ተሸክሞ የተወሰነ መንገድ ስለሚሄደው ጎማ። ጸሐፊው ጎማ ሊቀይር የተነሣ ሰው ሁሉ ተራውን ትቶ ይህን እንዲገጥም ይመክራሉ። ምክንያታቸው ስድስት ነው። ራን ፍላት ያለው ሰው ጎማ ተነፈሰብኝ ብሎ መንገድ ላይ አይቀርም፤ ተነፍሶም 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስኮርታ ስለማያስፈልገው የኋላ ዕቃ መጫኛው ይሰፋለታል። ወፍራሙ የጎማው ጎን ጉድጓድ ለበዛበት መንገዳችን ይስማማል። ቢበሳም የትኛውም ጎሚስታ ይሠራዋል። የነፋሱ መጠን ዳሽቦርድ ላይ ስለሚታይ ሹፌሩ ሐሳብ የለበትም። በመጨረሻም ስኮርታ ሳይኖራቸው እየገቡ ላሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች መድኃኒቱ ይኸው ነው ይላሉ።

ጽሑፉ ሰውን ለመጥቀም እንደተጻፈ ያስታውቃል። ዝም ብዬ ላልፈው ግን አልቻልኩም። አንድ የቅርብ ዘመዴ ካነበበው በኋላ ስኮርታውን ከመኪናው አውርዶ በረንዳ ላይ አስደግፎት፣ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ሐዋሳ ሊወጣ ሲል ነው የደረስኩበት። መኪናው ላይ የተገጠመው ደግሞ ራን ፍላት እንኳ አልነበረም፤ በሚቀጥለው ወር ሊገዛ አስቦ ቦታውን አስቀድሞ ማስለቀቁ ነው። እኔ ጎማ ነጋዴ አይደለሁም፣ መካኒክም አይደለሁም። ግን ራን ፍላት በገጠመች መኪና አራት ዓመት ነድቻለሁ፤ ጥሩውንም ክፉውንም አይቼበታለሁ።

መጀመሪያ ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ልናገር። በፍጥነት ላይ ሳሉ የፊት ጎማ ሲፈነዳ ተራው ጎማ ወዲያው ይጨፈለቃል፤ መሪው ወደ ተነፈሰው ወገን ይጎትታል፤ ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ከረገጠ መኪናው ከእጁ ይወጣል። ራን ፍላት እዚህ ላይ ሕይወት ያተርፋል። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሪው ይታዘዛል፣ ዳር ለመያዝ ፋታ ይሰጣል። የቀለበት መንገድ ላይ በማታ፣ በዝናብ፣ ከኋላ ሲኖትራክ እየመጣ ክሪክ አውጥቶ ጎማ መቀየር ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ብቻዋን ከሥራ አምሽታ የምትገባ ሴት፣ ወገቡን የታመመ ሰው፣ ብሎን መፍታት የማይችል አዛውንት ከዚያ ቦታ ሳይወርዱ መሄድ መቻላቸው ትልቅ ነገር ነው። ይህን የሚክድ ሰው ራን ፍላትን አልነዳውም።

ጽሑፉ የሳተው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። መንገድ ላይ አይቀርም ከሚለው ልጀምር።

የመኪናን ክብደት የሚሸከመው ጎማው ሳይሆን ውስጡ የታመቀው ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲወጣ የተራው ጎማ ጎን በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ተጣጥፎ ይፈጫል። ራን ፍላት ግን ጎኑ ውስጥ ወፍራም፣ ጠንካራ የጎማ ንብርብር አለው፤ ነፋሱ ሲጠፋ መኪናውን ደግፎ የሚያቆመው እሱ ነው። መደገፍ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ጎማው በዞረ ቁጥር ጎኑ አንዴ ይታጠፋል፣ አንዴ ይቃናል። መካከለኛ የቤት መኪና ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ሁለት ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ በአንድ ኪሎ ሜትር 500 ጊዜ፣ በ80 ኪሎ ሜትር ደግሞ 40,000 ጊዜ ይታጠፋል ማለት ነው። ሽቦን እጥፍ ዘርጋ ስናደርገው እንደሚግለው ሁሉ ጎኑም ይግላል፤ ሙቀቱም ቀስ በቀስ ጎማውን ከውስጥ ይበላዋል። ዓለም አቀፉ መለኪያ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 80 ኪሎ ሜትር ርቀት ብሎ የወሰነው ለዚህ ነው። ከፍጥነቱም ከርቀቱም ማለፍ አይቻልም።

እሱም ቢሆን ጭነቱ ልከኛ ሲሆን ነው። የአንዳንድ የቀድሞ ቢኤምደብሊው ሞዴሎች መመሪያ መጽሐፍ ርቀቱን በጭነት ከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ መኪናው ሰውና ዕቃ ከሞላ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ዝቅ ያደርገዋል። አሁን ለበዓል አገር ቤት የሚወርድ ሰው መኪናውን እንዴት እንደሚጭን እናስብ። አምስት ሰው፣ ከኋላ የቅቤ ቅል፣ የጤፍ ከረጢት፣ የልጆች ሻንጣ፤ ሲመለስ ደግሞ የባሰ። ጸሐፊው 80ን ሲጠቅሱ ይህን አልነገሩንም።

በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። ክረምት ነበር፤ ወደ ሐዋሳ እየሄድን ነው። ዝዋይን አልፈን ብዙም ሳንርቅ፣ ሊመሽ ሲል፣ ከፊቴ የመጣ አይሱዙ መሐሉን ይዞ መብራቱን ለቀቀብኝና ወደ ዳር ስሸሽ የቀኙ የፊት ጎማ የተቆረሰውን የአስፋልት ጠርዝ ገጨ። ድምፁን ሰማሁ። መኪናዋ ግን ምንም አልሆነችም፤ መሪው እንዳለ ነው። ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ቢጫው የጎማ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ በራ። በዚያ ሰዓት ራን ፍላት ስለነበረኝ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ፤ ልጆች ይዤ ጨለማ ውስጥ አልቆምኩም። ፍጥነቴን ወደ 60 ቀንሼ ወደ ሻሸመኔ ቀጠልኩ። የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች የተቃጠለ ጎማ ሽታ መስኮት ዘግተን እንኳ ይሰማን ነበር፤ መሪውም መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር።

ሻሸመኔ ደረስን። ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ሲያላቅቀው ከውስጡ እንደ ተፈጨ ቡና ያለ ጥቁር ዱቄት እፍኝ ሙሉ ተዘረገፈ። ጎኑ ከውስጥ ተፍቆ ተፍቆ ክሩ ታይቷል። ልጁ ዱቄቱን በጣቱ አሸት አደረገና «ጋሼ፣ ይኼ አለቀለት። ብሞላልህም አላምነውም» አለኝ። ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ በከተማዋ ያሉትን የጎማ መሸጫዎች በእግሬም በባጃጅም አዳረስኳቸው፤ በዚያ ቁጥር ራን ፍላት ቀርቶ ተራ ጎማ እንኳ አጣሁ። ለሚኒባስ፣ ለአይሱዙ፣ ለኮሮላና ለቪትዝ የሚሆን እንደ ልብ ነበር። ለእኔዋ ጎኑ ዝቅ ያለ ጎማ ላላት የጀርመን መኪና ግን አዲስ አበባ ደውዬ፣ ወንድሜ ፈልጎ ገዝቶ፣ በአውቶቡስ ልኮልኝ፣ ሁለት ሌሊት አልጋ ይዤ ነው የወጣሁት። ስኮርታ ቢኖረኝ ኖሮ የዚያኑ ምሽት ሐዋሳ ነበርኩ።

ስለዚህ ራን ፍላት ስንገዛ የምንገዛው 80 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ያ ይበቃል፤ መንገዱ ራሱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በሁለቱም ጫፍ ጎማ ቤት ሞልቷል። አዲስ አበባ ከተማ ውስጥም ከበቂ በላይ ነው። ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ፣ ከዚያም ደጀን ወጥቶ ደብረ ማርቆስን ለሚያልፍ፣ ወይም ወደ ጅንካ፣ ወደ ጎዴ ለሚሄድ ግን ጎማው በ80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያደርሰዋል እንበል፤ የሚያደርሰው ቦታ ላይ ያ ቁጥር ያለው ጎማ ይኖራል ወይ? ጸሐፊው ይህን አልጠየቁም። እኔ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አላገኘሁም።

ስኮርታ አያስፈልግም የሚለው ሁለተኛው ነጥብ በዚሁ ይመለሳል፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ራን ፍላት የተፈጠረው ስኮርታን ከንቱ ለማድረግ አይደለም። የመኪና ፋብሪካዎች ቦታና ክብደት ለመቀነስ ፈለጉ፤ ጎማው ያንን አስቻላቸው። ሼቭሮሌት እ.ኤ.አ. በ1997 አዲሱን ኮርቬት ያለ ስኮርታ ያወጣው ነፋስ አልቆም በሚሄድ ጎማ ተማምኖ ነው። ቶዮታ ሲዬና ላይም በአራቱም ጎማ የሚነዳው ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2004 ሞዴል ጀምሮ ለብዙ ዓመት በራን ፍላት የመጣው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ የስኮርታውን ቦታ ስለወሰደ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር አብሮ አደጌ በዚህች መኪና ሰው እያመላለሰ ይሠራ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ጎማዎች ሲያልቁ ተራ ጎማ ገጠመና አንድ ስኮርታ ከኋላ ወንበር ጀርባ አሰረ። እሱ ያለበት አገር በስልክ የሚጠራ መኪና ጎታች በየሰፈሩ አለ፣ የፈለገው ቁጥር ጎማም በሰዓታት ውስጥ ይገኛል። እዚያ ያለ ሰው እንኳ ስኮርታ ካሰረ፣ እኛ በረንዳ ላይ የምናስደግፍበት ምክንያት አይታየኝም። አበው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ለአንድ ሻንጣ ቦታ ተብሎ መንገድ ላይ የሚያወጣን ብቸኛ ነገር ይጣላል።

ወፍራሙ ጎን ለጉድጓድ መንገድ ይስማማል የተባለው በአጭሩ ትክክል አይደለም። ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ጎኑ ተጨምቆ ምቱን ይውጠዋል፤ ልስላሴው ለዚህ ነው። የራን ፍላት ጎን ግትርና ደረቅ ስለሆነ ምቱን ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ መኪናው እግር ያስተላልፈዋል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ጎኑ ዝቅ ያለ ቁጥር ያለው ነው፤ 45፣ 40 የሚሉት (የጎኑ ቁመት ከጎማው ስፋት በመቶኛ ማለት ነው)። የአሉሚኒየም ቸርኬ ሲጣመም፣ ሲሰነጠቅም አይቻለሁ። ኮብልስቶን ላይ በየቀኑ የሚነዳ ሰው ልዩነቱን በወገቡ ያውቀዋል፤ እኔ ወደ ተራ ጎማ በተመለስኩ ቀን ባለቤቴ መኪናዋን የቀየርኩ ነው የመሰላት።

አሁን ወደ ጎሚስታው ነጥብ ልምጣ። ብዙ ሰው በየሳምንቱ የሚነካው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የሰፈራችን ጎሚስታ እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ጎማው ሳይፈታ መኪናው ላይ እንዳለ ሳሙና ውሃ ይረጫል ወይም ፈትቶ ከተቆረጠ በርሜል ውሃ ውስጥ ያዞረዋል፤ አረፋ የወጣበትን በኖራ ያከብበዋል፤ ምስማሩን በጉጠት ይነቅላል፤ ቀዳዳውን በሹል ብረት አስፍቶ በማስቲሽ የተነከረ የጎማ ገመድ ከውጭ ይጠቀጥቅበታል፤ ትርፉን በምላጭ ይቆርጣል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ለተራ ጎማ፣ ምስማሩ መሐል ጥርሱ ላይ ከሆነና ጎማው ሳይተነፍስ ከተደረሰበት፣ ቢያንስ እስከ ቤት ያደርሳል። ትክክለኛው ጥገና እንኳ ለተራውም ከዚህ ይለያል። ጎማው ከቸርኬው ወርዶ ውስጡ ይታያል፤ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና ጥርሱ ላይ ብቻ ከሆነ ቀዳዳውን የሚሞላና ከውስጥ የሚለጥፍ ልጣፊ አብሮ ይገባል። ጎኑ ላይ ያለ ቀዳዳ አይጠገንም።

ለራን ፍላት ግን ዋናው ጥያቄ ምስማሩ የወጋው ቦታ ብቻ አይደለም። ነፋሱ አልቆ ስንት መንገድ ሄዷል የሚለው ነው። ይህን ከውጭ ማወቅ አይቻልም፤ ጎማው ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ሻሸመኔ የተዘረገፈው ዱቄት የተገኘው ጎማው ስለተላቀቀ ነው። ያ ልጅ እንደ ወትሮው ከውጭ ጠቅጥቆ ቢሞላልኝ ኖሮ ነፋስ ይይዝልኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ገንዘብ ከፍዬ በዚያው ጎማ 100 እየነዳሁ እመለስ ነበር። ውስጡ የተበላ ጎን ደግሞ በሙቀት ቀን፣ በጭነትና በፍጥነት መቼ እንደሚቀደድ ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው ነፋሱ አልቆ የተነዳ ራን ፍላት አይጠገንም የሚባለው። ጭራሹኑ እንዳይጠገን የሚመክሩ አምራቾችም አሉ። ተመርምሮ አንድ ጊዜ ይጠገን የሚሉም አሉ፤ የራስዎን ጎማ አምራች መመሪያ ማየት ነው።

ማላቀቁም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ጎሚስታው ተራውን ጎማ በሁለት ብረትና በመዶሻ ከቸርኬ ያወርደዋል። የራን ፍላትን ደረቅ ጎን በዚያ መንገድ ሲታገል ግን ቸርኬውን የሚይዘውን የጎማውን ከንፈር ይቀደዋል፣ ወይም ቸርኬውን ይልጠዋል፣ ወይም በቫልቩ በኩል ያለውን የነፋስ መለኪያ ይሰብረዋል። ጎኑን የሚጫን ተጨማሪ ክንድ ያለው ማሽን ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ማሽኑ ያላቸው ቤቶች አሉ። ከከተማ ሲወጡ ግን ጎሚስታው ማሽን ስለሌለው ብቻ ጥፋተኛ አይደለም፤ በእጁ ባለው ዕቃ የሰው መኪና ቆሞ እንዳያድር ይታገላል። አንዳንዱ ደግሞ ለመርዳት ብሎ ውስጡ ካላማዳሪ ልክተትልህ ይላል። እባካችሁ እንዳታስከትቱ፤ ያ ጎማ ካላማዳሪ ይዞ እንዲሄድ አልተሠራም።

የትኛውም ጎሚስታ ይሠራዋል ማለት ስለዚህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛ ምክር ነው። ጸሐፊው ይህችን ነጥብ እንዲያርሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሌላው ላይ ብንከራከርም፣ በዚህች ግን ሰው ይሞታል።

መኪናዎ ላይ ያለው ራን ፍላት ይሁን አይሁን እንኳ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ያገለገለ መኪና ሲገዛ ማን ይነግረዋል? ጎኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ብሪጅስቶን አር.ኤፍ.ቲ፣ ሚሼሊን ዜድ.ፒ፣ ጉድይር አር.ኦ.ኤፍ፣ ኮንቲኔንታል ኤስ.ኤስ.አር ብለው ይጽፋሉ፤ ለመርሴዲስ የተሠራው ኤም.ኦ.ኢ ይላል፤ ቢኤምደብሊው ላይ በክብ ውስጥ አር.ኤስ.ሲ የሚል ምልክት ይገኛል። እዚያው አጠገብ በአራት አኃዝ የሚያልቅ የተመረተበት ቀን አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ራን ፍላት በአገራችን ቶሎ ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ ስላልሆነ ይህን ቁጥር ማየት ይበልጥ ያስፈልጋል። እኔ አንድ ሱቅ ውስጥ አዲስ ተብሎ የቀረበልኝ ጎማ ስድስት ዓመቱን አልፎ ነበር፤ ፕላስቲኩ አልተነሣለትም፣ ጥርሱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች እንኳ እንዳሉ ናቸው። ሻጩ ቀኑን ሳሳየው ከልቡ ደነገጠ።

ነፋሱ ዳሽቦርድ ላይ ይታያል ወደሚለው እንሂድ። ራን ፍላት ሲተነፍስ አይጨፈለቅም፤ ጥቅሙም አደጋውም ይኸው ነው። በአገራችን ጎማ መተንፈሱን ቀድሞ የሚነግረን ሰው ነው። የግቢው ጥበቃ፣ መኪና የሚያጥበው ልጅ፣ ፌርማታ ላይ የቆመ ረዳት «የኋላው ቀንሷል!» ብሎ ይጮኽልናል። እኛም ጠዋት በእግራችን መታ መታ አድርገን እንነሣለን። ይህ ሁሉ ለራን ፍላት አይሠራም፤ ባዶውም ሙሉውም አንድ ይመስላሉ። የሚያስጠነቅቀው የጎማውን ነፋስ የሚከታተለው መሣሪያ ብቻ ነው፤ መሣሪያው የሌለው መኪና ላይ ራን ፍላት መግጠም የለበትም የሚባለውም ለዚህ ነው።

መሣሪያው በአሜሪካ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ በአውሮፓ ደግሞ በ2014። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ላይ ላይኖር ይችላል። ካለም፣ ጎማው ውስጥ የሚቀመጠው ዓይነት የራሱ ባትሪ አለው፤ ባትሪው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ሄዶ ይሞታል። ያገለገሉ መኪኖቻችን አብዛኞቹ ከዚያ ዕድሜ በላይ ናቸው። መብራቱ ሁልጊዜ እየበራ ስላስቸገረ በቴፕ የተሸፈነበት ዳሽቦርድ በዓይኔ አይቻለሁ። በአሜሪካው ሕግ መሠረት መብራቱ የሚበራው ነፋሱ ከሚገባው በ25 በመቶ ሲወርድ ነው፤ 35 ፒ.ኤስ.አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) መሆን ያለበት ጎማ 26 አካባቢ እስኪደርስ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ፣ ረጅም መንገድ ከመውጣት በፊት ደግሞ ሁልጊዜ፣ ጎማው ሳይሞቅ በመለኪያ መለካት ለራን ፍላትም አይቀርም። እግረ መንገዴን፦ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ የተሞላ ጎማ ወደ አዋሽ ሲወርድ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ 2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ቀንሶ ይታያል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ይገፋዋል። ቆላ ደርሳችሁ ማግስቱን ጠዋት ብትለኩት ትርፍ እንጂ ጉዳት የለውም።

የቀረው የኤሌክትሪክ መኪናው ጉዳይ ነው። እዚህ ጸሐፊው ትክክለኛ ችግር አንስተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ጀምሮ መንገዳችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም። በምትኩ ከኋላ አንዲት ትንሽ ኮምፕሬሰርና የማሸጊያ ፈሳሽ ያለባት ጠርሙስ ይገኛል። ጠርሙሷ ጥርሱ ላይ ለወጋው ምስማር ትሠራለች፤ ጎኑ ከተቀደደ ግን አትረዳም። የማብቂያ ቀንም አላት፤ ብዙ ባለመኪና ይህን አያውቅም። ዛሬ አውጥታችሁ እዩት።

ታዲያ ራን ፍላት እንግጠም? ችኮላ አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ መኪና ከባትሪው የተነሣ ይከብዳል፤ ስለዚህ የሚገጠመው ጎማ የጭነት ቁጥሩ ከፋብሪካው ከመጣው ማነስ የለበትም። በዚያ ቁጥርና በዚያ የጭነት አቅም ራን ፍላት ገበያ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ዛሬ ቢገኝ እንኳ ከተበሳ በኋላ ነገ ሌላ መገኘቱ ያጠራጥራል። መኪናው ራሱ ለደረቅ ጎማ ታስቦ ካልተሠራ ደግሞ አነዳዱ ይለወጣል። ሁለት ራን ፍላት ገዝቶ ከሁለት ተራ ጋር ማደባለቅም አይሆንም፤ ፍሬን ሲያዝና ሲታጠፍ አንዱ ይለሰልሳል፣ አንዱ ይደርቃል። እኔ የምመክረው ከመኪናው ጋር የሚሄድ ቸርኬ ፈልጎ ስኮርታ ማዘጋጀት ነው። የብሎኑ ቁጥርና ርቀት ልክ መሆኑን፣ ፍሬኑን አለመንካቱን ከመንገድ በፊት ቤት ውስጥ ገጥሞ መሞከር ያስፈልጋል። ክሪኩም የት እንደሚደገፍ መመሪያው ላይ ይታይ፤ ከሥር ያለው ባትሪ ነው። ከተማ ውስጥ ስኮርታው ቤት ይቀመጥ፤ ከተማ ሲለቀቅ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀበቶ ይታሰር።

ከላይ እንዳልኩት ራን ፍላት የሚገባቸው ሰዎች አሉ። መኪናቸው ከፋብሪካ ጀምሮ ለዚያ የተሠራ፣ የነፋስ መለኪያው የሚሠራ፣ ውሎና አዳራቸው አዲስ አበባ የሆነ፣ በማታ ብቻቸውን የሚነዱ ሰዎች ቢያቆዩት ደግ ነው፤ ተጨማሪው ዋጋም ይገባዋል። እኅቴ እንዲህ ነች፤ እንድትቀይር አልመከርኳትም። ክፍለ ሀገር ስትሄድ ግን የእኔን መኪና ትወስዳለች።

ዘመዴንም በረንዳው ላይ ቆመን ይህንኑ ነገርኩት። ብዙ አልተከራከረኝም። ስኮርታውን ተሸክመን መልሰን ከመጫናችን በፊት መለኪያ አምጥቼ ነፋሱን አየሁት፤ 14 ነበር። ከገዛው ጀምሮ አንድም ቀን አልተለካም። ጥግ ላይ ያለው ጎሚስታ ጋ ወስደን 35 አስሞላነውና ክሪኩ መኖሩን፣ የብሎን መፍቻው ልኩ መሆኑን አይቶ ወደ ሐዋሳ ወጣ።